‹አይሠራም› ሪፖርት አይደለም

አማርኛ ጽሑፍ በፓይተን የሚያቀናብር ባለሙያ አንድ ቀን ይህ ሊገጥመው ይችላል። ‹፭› አሃዝ ናት ወይ ብሎ በኢዝዲጂት ሲጠይቅ ፓይተን ‹አዎ› ይለዋል። እሷኑ ወደ ቁጥር እንዲቀይርለት ለኢንት ሲሰጠው ግን ‹ቫልዩ ኤረር› ብሎ ፕሮግራሙን ያቆመዋል። አሃዝ ከሆነች ለምን አትቀየርም? ይህን ያየ ሰው ቸኩሎ ‹ፓይተን በግእዝ ቁጥር አይሠራም› ብሎ ቢጽፍ አይገርምም።

ዶክመንቴሽኑ ግን ነገሩን አስቀድሞ ተናግሮታል። ኢዝዲጂት በአስር ቤት ቁጥር ለመመሥረት የማያገለግሉ አሃዞችንም ይቀበላል፤ የተጠቀሰው ምሳሌ የጥንቱ የኻሮሽቲ ቁጥር ነው። የእኛም ከዚያው ወገን ነው፦ ዜሮ የለውም፣ ለአስር ‹፲›፣ ለሃያ ‹፳› የሚል የራሱ ምልክት አለው። ኢንት ይቀበለው እንደሆነ ለማወቅ የሚጠየቀው ኢዝዴሲማል ነው፤ እሱም ለ‹፭› ‹አይደለም› ብሎ ይመልሳል።

ስለዚህ ኮዱ አልተሳሳተም። ሆኖም ያንን አንቀጽ አንብቦ የግእዝ ቁጥር የት እንደሚመደብ ያልገባው ሰው ስለ ዶክመንቴሽኑ የሚለው ነገር ሊኖረው ይችላል። በእኔ እምነት ኦፕን ሶርስ ውስጥ መግባት ለሚፈልግ ባለሙያ እንዲህ ያለውን የዶክመንቴሽን አንቀጽ ከማቃናት የተሻለ መጀመሪያ የለም። ሰነዱን የጻፉት ሰዎች ነገሩን አብዝተው ስለሚያውቁት አንባቢ የት ላይ እንደሚደናገር አይታያቸውም።

ኮዱ ራሱ ተሳስቷል ብላችሁ ካመናችሁ መጀመሪያ ፈልጉ። የፓይተን ስህተቶች ከሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመዘገቡት በጊትሃብ ነው፤ የድሮዎቹም ወደዚያው ተዛውረዋል። የተዘጉትንም አንብቡ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። 0.1 እና 0.2 ተደምረው 0.30000000000000004 መሆናቸውን እንደ ግኝት አታቅርቡ፤ ቱቶሪያሉ ለዚሁ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ቨርዥናችሁ አርጅቶ እንደሆነም እዩ። አዲስ ቨርዥን በየዓመቱ በጥቅምት ወር አካባቢ ይወጣል፣ እያንዳንዱም ድጋፍ የሚያገኘው ለ5 ዓመት ያህል ነው።

ትልቁ ሥራ ማሳነሱ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ የተሰበረው ፕሮግራም 500 መስመር ከሆነ ግማሹን አውጡና እንደገና አስኪዱት። አሁንም ከተሰበረ ከቀረው ላይ ደግሞ ግማሹን አውጡ። ካልተሰበረ ችግሩ ባወጣችሁት ውስጥ ነው። አሥር መስመር እስኪቀር እንዲህ ቀጥሉ። ፓንዳስን ወይም ናምፓይን ስታወጡ ስህተቱ አብሮ ከጠፋ ሪፖርቱ ለእነሱ እንጂ ለፓይተን አይደለም። ማሳነሱ ሌላም ጥቅም አለው፦ የደንበኛ ስም፣ የሂሳብ ቁጥር፣ የይለፍ ቃል፣ የቀጣሪያችሁ ምስጢር የሆነ ኮድ ሁሉ በዚያው ተራግፎ ይቀራል። ባንክ ወይም ቴሌኮም ውስጥ የምትሠሩ ይህችን ነገር አትርሱ፤ አደባባይ የወጣ ነገር ተመልሶ አይሰበሰብም።

የቀረው አጭር ነው። አሥሩን መስመር፣ ምን እንደጠበቃችሁና ምን እንዳገኛችሁ፣ ሙሉውን የስህተት መልእክት፣ የፓይተኑን ቨርዥንና የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ስም ጻፉ። መልእክቱን በስክሪንሾት ሳይሆን በጽሑፍ አስቀምጡት፤ ፎቶ ገልብጦ መሞከር አይቻልም። እንግሊዝኛችሁ አያሳስባችሁ፤ የሚነበበው ኮዱ ነው። አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ያስረዘመው፣ እናንተም ያልሞከራችሁት ሪፖርት ግን የበጎ ፈቃደኛ ጊዜ ይበላል። ለጥቃት የሚያጋልጥ ክፍተት ካገኛችሁ ደግሞ በይፋ አትለጥፉት፤ በቀጥታ ለደኅንነት ቡድኑ በኢሜይል ላኩት።

የዶክመንቴሽን እርማት ከዚህ ይቀላል። ጽሑፉ በፓይተን ሪፖዚቶሪ ውስጥ ‹ዶክ› በሚባለው ፎልደር ነው። ትንሽ የፊደል ስህተት ለማረም አስቀድሞ ኢሹ መክፈት አያስፈልግም፤ ሰፋ ላለው ግን ቀድሞ መነጋገሩ ይሻላል። ሙሉው ሪፖዚቶሪ በመቶዎች ሜጋባይት ስለሚቆጠር ኢንተርኔት ለሚያስቸግረው ሰው እዚያው ጊትሃብ ላይ በብራውዘር ማረም ይበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትልኩ የአበርካቾች ስምምነት እንድትፈርሙ ትጠየቃላችሁ። ከዚያ በፊት ለውጡን የምትልኩት በራሳችሁ ኢሜይል መሆኑን አረጋግጡ። የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ሥራ ስትለቁ ይዘጋል፤ የሠራችሁት ግን በዚያ አድራሻ ተመዝግቦ ይቆያል።

ለቁጥር ሲባል የሚላክ እርማት አይረባም። በ2020 እ.ኤ.አ. ሃክቶበርፌስት በተባለው የኦፕን ሶርስ ዘመቻ ወቅት ነፃ ካናቴራ ለማግኘት ሲባል በተላኩ እርባና ቢስ ፑል ሪኩዌስቶች ብዙ ፕሮጀክቶች ተጥለቅልቀው፣ አዘጋጁ ፈቃደኛ የሆኑ ፕሮጀክቶች ብቻ እንዲካተቱ ደንቡን መለወጥ ግድ ሆኖበታል። የሚያስቀጥር ታሪክ የሚሆነው ራሳችሁ ተደናቅፋችሁበት ያቃናችሁት አንቀጽ ነው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ‹ለምን ለወጥከው?› ሲባል መልስ አለውና።

ከላካችሁ በኋላ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። አስተያየት ሲሰጣችሁ ቶሎ መልሱ፤ ያረማችሁትንም እላዩ ላይ ጨምሩ እንጂ የቀድሞውን ደምስሳችሁ አትላኩ፤ ገምጋሚው ምን እንደተለወጠ ማየት ይቸግረዋል።

ዶክመንቴሽኑን ወደ አማርኛ ለመተርጎም የምታስቡም አትጠፉም። ደንቡ ፔፕ 545 ይባላል። አንድ ቋንቋ በይፋዊው ገጽ የቋንቋ ምርጫ ውስጥ የሚገባው ሦስት ነገሮች ሙሉ በሙሉ ሲተረጎሙ ነው፦ ቱቶሪያሉ፣ ከፓይተን ጋር አብረው የሚመጡት ፈንክሽኖች ዝርዝር፣ እንዲሁም ስህተት እንዴት ሪፖርት እንደሚደረግ የሚያስረዳው ገጽ። ሦስተኛው ከሁሉ አጭር ስለሆነ በእሱ ጀምሩ።