ሶፍትዌር ከመጻፉ በፊት በወረቀት አምሳያ ስለ መፈተን

ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ በችካልና በገመድ የቤቱን ስፋት በመሬት ላይ ያሳያል። ባለቤቱም በገመዱ መካከል ቆሞ ጓዳው ጠበበ፥ በሩ ወደ ነፋስ ዞረ ቢል፥ ችካሉ ተነቅሎ ወደ ሌላ ስፍራ ይተከላል። ግድግዳው ከቆመ በኋላ ግን ነገሩ ብዙ ገንዘብ፥ አንዳንድ ጊዜም ጠብ ያስከትላል። ሶፍትዌር ማለት ኮምፒውተርና የእጅ ስልክ የሚሠሩበት የትእዛዝ ጽሑፍ ነው፤ እርሱም ከመጻፉ በፊት እንዲህ ያለ ችካልና ገመድ ያስፈልገዋል፤ ይኸውም አምሳያ ይባላል። የቡና ነጋዴዎች ናሙና ከሚሉት ግን ይለያል፤ ናሙና ካለው ነገር ተቆንጥሮ የሚወሰድ ሲሆን፥ አምሳያ ገና ላልተሠራው ነገር የሚቀድም ነው።

በኢሉባቦር፥ ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ፥ በያዩ የሚገኝ አንድ የገበሬዎች ማኅበር ለምሳሌ ይታሰብ። ጸሐፊው በጥቅምትና በኅዳር እሸት ቡና ሲረከብ የሻጩን ስም፥ ኪሎውንና ቀኑን በመዝገብ ይጽፋል። ይህ መዝገብ ወደ ስልክ ይዛወር ቢባል፥ ፕሮግራም የሚጽፈው ወጣት አስቀድሞ ወረቀት በስልክ መጠን ቈርጦ፥ በስልኩ ላይ የሚታየውን ገጽ ሁሉ በእርሳስ ይሥላል። ጸሐፊው በተሣለው ምልክት ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ፥ ወጣቱ የሚቀጥለውን ወረቀት ያቀርብለታል። ወጣቱ ማስረዳት አይገባውም፤ ዝም ብሎ ጸሐፊው የሚያመነታበትን ስፍራ ይጽፋል። ከዚህ ሥራ ሁሉ የከበደው ይህ ዝምታ ነው።

ከውጭ አገር የተቀዳ ቅጽ ሲሆን ስሕተቱ ወዲያው ይገለጣል። ቅጹ የቤተ ሰብ ስም ይጠይቃል፤ በአገራችን ግን የአባትና የአያት ስም ይጻፋል። ሁለት ሰዎች በስማቸውና በአባታቸው ስም ቢመሳሰሉ፥ የአያት ስም ካልተጻፈ የአንዱ ገንዘብ ለሌላው ይከፈላል። ወሮቹ 12 ብቻ ስለ ሆኑ ጳጉሜን ስፍራ አታገኝም። ጧት በ2 ሰዓት የመጣው ቡና በቅጹ በ8 ሰዓት ይባላል። ደግሞም ያው ስም በአማርኛ በፊደል፥ በኦሮምኛ በቁቤ ሲጻፍ፥ ማሽኑ አንዱን ገበሬ ሁለት ሰው አድርጎ ይቈጥረዋል። ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ሲገኝ በላጲስ ይታረማል።

በአሜሪካም ጄፍ ሆኪንስ የተባለ መሐንዲስ ፓልም ፓይለት የተባለውን የኪስ ኮምፒውተር ከመሥራቱ በፊት፥ በዚያው መጠን እንጨት ጠርቦ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ሰው ቀጠሮ ሲጠይቀው እንጨቱን አውጥቶ የሚጽፍ ይመስል ነበር። ማሽኑ በ1996 (እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር) ለሽያጭ ወጣ።

ከወረቀቱ ቀጥሎ ኮቦ ቱልቦክስን በመሰለ መሣሪያ፥ የፕሮግራም ቋንቋ ሳያውቁ፥ በስልክ የሚሞላ ቅጽ ማዘጋጀት ይቻላል። ኔትወርክ በሌለበት ጫካ ይሞላል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። ይህ ግን በሚዛኑ አጠገብ፥ ዝናብ ሲጥልና ሰልፍ ሲረዝም መፈተን አለበት። ፊግማ የሚባለው መሣሪያ ደግሞ ገጹን እጅግ አሳምሮ ይሥላል። ነገር ግን ያማረ ሥዕል ያለቀ ሥራ ይመስላልና፥ ጨዋ ሽማግሌ የእንግዳን ድካም ላለማቃለል «ጥሩ ነው» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን እርሳስ ይሻላል።

መምህራን ይህን ያለ ኤሌክትሪክ በክፍል ሊያስተምሩት ይችላሉ። የተማሪዎች መቅረት የሚመዘገብበት ገጽ ይሣል፤ አንድ ተማሪ ስልኩን ይሁን፥ ሌላው መምህሩን። ሦስተኛው ያመነቱበትን ይጻፍ።

ወጣቱ ፕሮግራሙን ሲጀምር የተሰረዙት ወረቀቶች አይጣሉም፤ ከፊቱ ይቀመጣሉ። የማኅበሩ የድሮ መዝገብም አንድ የቡና ወራት እስኪያልፍ ከስልኩ ጎን ይጻፋል፤ ማታ ማታም የሁለቱ ኪሎ ይመሳከራል።