ለሳሙና የተመቸ ውሃ ለአበባ ለምን አይመችም?

እንደሚታወቀው በማደሪያችን መስኮት ላይ በዘይት ቆርቆሮና በወተት ጣሳ የተከልናቸው አበቦች፣ በሶብላና ጤና አዳም አሉን። ውሃ የምናጠጣቸው በተራ ነው። ባለፈው ሴሚስተር አጋማሽ ላይ ቅጠሎቹ ከጫፋቸው ጀምሮ ቡናማ እየሆኑ ይኮማተሩ ጀመር። አፈሩ ርጥብ ነው፤ ተክሉ ግን የተጠማ ይመስላል። እኛም ነገሩን ሳናጣራ ያን ሰሞን ተረኛ በነበረችው ጓደኛችን ላይ ተነሳንባት። «አንቺ ሳታጠጪ አጠጣሁ እያልሽ ነው» አልናት። እሷም አለቀሰች እንጂ ብዙ አልተናገረችም። ኋላ እንደተረዳነው ግን ልጅቱ ከሁላችንም ይበልጥ ታጠጣ ኖሯል። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን የውሃው ነበር። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው አንድም ይቅርታ ለመጠየቅ፣ አንድም የተማርነውን ለማካፈል ነው።

ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? የቧንቧችን ውሃ ሳሙና አላረፋ ስለሚለን፣ ከመካከላችን የአንዷ አጎት ከሚሠሩበት ልብስ ማጠቢያ ቤት በጀሪካን «የለሰለሰ» ውሃ እየመጣልን ፀጉራችንን እንታጠብበት ነበር። የተረፈውን ንጹሕ ውሃ እንዳይባክን ብለን ለአበቦቹ እናጠጣለን። በኛ ቤት ደግ መሥራታችን ነበር።

1. ጠንካራ ውሃና ለስላሳ ውሃ

ለስላሳ ስንል በጠርሙስ የሚሸጠውን መጠጥ ማለታችን አይደለም። የዝናብ ውሃ ሲወርድ ለስላሳ ነው። በኖራ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ግን ካልሲየምና ማግኒዚየም የተባሉትን ማዕድናት አሟሙቶ ይዞ ይወጣል። ይህ ጠንካራ ውሃ ይባላል። የድሬዳዋና የመቀሌ ሰዎች በደንብ ያውቁታል፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፣ ከሳሙና ጋር ሲገናኝም በአረፋ ፈንታ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ማዕድን፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ፣ ከ180 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ ውሃው በጣም ጠንካራ ነው ይባላል።

2. ውሃው የሚለሰልሰው እንዴት ነው?

በማለስለሻው መሣሪያ ውስጥ ሶዲየም የተሸከሙ ትናንሽ እንክብሎች አሉ። ጠንካራው ውሃ በመካከላቸው ሲያልፍ ልክ እንደ ገበያ ልውውጥ ይካሄዳል። አንድ የካልሲየም አዮን እንክብሉ ላይ ይቀራል፤ በምትኩ ሁለት የሶዲየም አዮኖች ወደ ውሃው ይገባሉ። እንክብሎቹ ሶዲየማቸውን ሲጨርሱ በጨው ውሃ ታጥበው እንደገና ይሠራሉ። እንግዲህ ልብ በሉ! ውሃው ካልሲየሙን ለቀቀ እንጂ ባዶ አልሆነም። አንዱን አውርዶ ሌላውን ጫነ። በአሜሪካና በአውሮፓ ብዙ ሰዎች ይህን መሣሪያ በየቤታቸው አላቸው።

መሣሪያው የለንም ብለን ግን መዘናጋት የለብንም። የዱቄት ሳሙና ውስጥም ውሃ ለማለስለስ የሚጨመር የሶዲየም ውሁድ አለ። ስለዚህ የልብስ እጣቢ አበባ ላይ መድፋትም ያው ነው።

3. በጣሳው ውስጥ የሚሆነው

ስሌቱን አብረን እንሥራ። 100 ሚሊ ግራም ጥንካሬ ሲለሰልስ 46 ሚሊ ግራም ሶዲየም ይተካዋል። የውሃው ጥንካሬ 300 ቢሆን በሊትር 138 ሚሊ ግራም ይሆናል ማለት ነው። አንድ ጣሳ በሳምንት ግማሽ ሊትር ቢጠጣ በዓመት 26 ሊትር ነው፤ ሶዲየሙም ከ3 ግራም ተኩል በላይ ይደርሳል። ውሃው ይተናል፤ ሶዲየሙ ግን አይተንም። ሜዳ ላይ ቢሆን ክረምቱ ያጥበዋል። መስኮት ላይ ያለን ጣሳ ማን ያጥብለታል?

ጉዳቱ በሁለት መንገድ ይመጣል።

ሀ/ ጨው በአፈሩ ውስጥ ሲበዛ ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋል። አፈሩ ርሶ ተክሉ የሚጠማው በዚህ ምክንያት ነው። የቅጠሉ ጫፍም ይቃጠላል።

ለ/ አፈርም እንደ እንክብሎቹ ይለዋወጣል። ይህን ጆን ቶማስ ዌይ የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1850 በጽሑፍ አቅርቦታል። ካልሲየም የሸክላ አፈርን ቅንጣቶች አያይዞ ያኖራል፤ ሶዲየም ቦታውን ሲይዝ ግን ቅንጣቶቹ ይበታተኑና ቀዳዳውን ይደፍናሉ። አፈሩ ሲደርቅ እንደ ጡብ ይሆናል፤ ሥሩም አየር ያጣል።

ነገሩ የጣሳ ብቻ አይደለም። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ የመስኖ እርሻ፣ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ እያለ በመጣው ጨው የጥጥ መሬት ተበላሽቷል።

4. ምን ይደረግ?

• ለአበባ የዝናብ ውሃ፣ ካልተገኘም ያልለሰለሰውን የቧንቧ ውሃ መስጠት። ካልሲየም ለተክል ምግቡ ነው፤ ነጩ ቅርፊት መልክ ቢያበላሽም እንደ ሶዲየም አይጎዳም።
• አፍልቶ ማቀዝቀዝም ከጥንካሬው የተወሰነውን ያወርዳል፤ ሶዲየም አይጨምርም።
• ጣሳውን ከታች መብሳት፤ የተጎዳውን በዝናብ ውሃ ከታች እስኪፈስ ደጋግሞ ማጠብ፤ ያም ካልሆነ አፈሩን መለወጥ።

5. ለክፍል የሚሆን ሙከራ

ነገ ተማሪ ፊት ስንቆም ይህን በቀላሉ ማሳየት እንችላለን። በሦስት ጠርሙሶች እኩል መጠን ያለው የዝናብ፣ የቧንቧና የለሰለሰ ውሃ አድርጎ፣ እኩል የሳሙና ውሃ ጨምሮ መናጥ ነው። የትኛው ቶሎ እንደሚያረፋ ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩ። ቀጥሎም ባቄላ በሦስት ጣሳ ተክለው በነዚሁ ውሃዎች ያጠጡና ቅጠሉን በየሳምንቱ ይመዝግቡ። ለሳሙና አንደኛ የወጣው ሁሉ ለባቄላም አንደኛ ይወጣ እንደሆነ ያያሉ።

ለማጠቃለል ያህል፣ አፈሩን በጣታችን ነክተን ቢሆን ኖሮ ርጥብ መሆኑን አይተን ጓደኛችንን ባላስለቀስናት ነበር። ነገ በክፍላችን አንድ ልጅ ሲደክም «ሰነፍ ነው» ከማለታችን በፊት የጠጣውን ውሃ እንጠይቅ። እህታችን ሆይ፣ ይቅር በይን። የሚቀጥለው ሳምንት ተራ የኛ ነው።