ጀናዛ ማጠብ የማን ሥራ ነው?

ቢስሚላሂ አር-ረሕማን አር-ረሒም፡፡ 

ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ቡና የሚያፈላ፣ ለለቀስተኛ ወንበር የሚያመጣ አይጠፋም፡፡ “ገላውን ማን ያጥበው?” ሲባል ግን ሰው እርስ በርሱ ይተያያል፡፡ ልጅ ከአባቱ ገላ፣ ወንድም ከወንድሙ ገላ ይሸሻል፡፡ ከዚያም ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት መልእክተኛ ይሮጣል፡፡ ጀናዛ ማጠብ ፈርድ ኪፋያ መሆኑን ሁላችንም እንናገራለን፤ ትርጉሙን ግን “ሌላ ሰው ይሠራዋል” አድርገን ይዘነዋል፡፡ ፈርድ ኪፋያ ማለት የሚሠራው ከተገኘ ሌላው ከኃላፊነት ይድናል፣ የሚሠራው ከጠፋ ግን ያወቀውና የቻለው ሁሉ ይጠየቅበታል ማለት ነው፡፡

እኔ የምኖረው በላስታ፣ ገነተ ማርያም ነው፡፡ አገሩ ስሙን ያገኘው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ከአለት ከተፈለፈለችው ቤተ ክርስቲያን ነው፡፡ እኛ ሙስሊሞች በቁጥር ጥቂት ነን፡፡ በወሎ ቅሬ የምንለው፣ አዲስ አበባ ላይ ዕድር የሚባለው መረዳጃ አለን፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም በችግራችን ቀን አይለዩንም፡፡ በዚህ ድንጋያማ መሬት መቃብር መቆፈር ቀላል አይደለምና ዶማ ይዘው ይመጣሉ፡፡ ገላ ማጠቡን ግን ማንም ሊወጣልን አይችልም፡፡ ጥቂት በሆንንበት አገር አንድ አጣቢ ሲያረጅ ክፍተቱ ወዲያው ይታያል፡፡ ብዙ ሕዝብ ባለበት ከተማ ክፍተቱ ቢሸፈንም መኖሩ ግን አይቀርም፡፡

ብዙ ሰዎች “አትፈራም ወይ? አትጸየፍም ወይ?” ብለው ይጠይቁኛል፡፡ መጀመሪያ ላይ እፈራ ነበር፡፡ የሞተ ሰው ክንድ ስታነሣው አያግዝህም፤ ስትለቀው ይወድቃል፡፡ ትናንት በገበያ ሰላም ያልከው ሰው ዛሬ በእጅህ ላይ መሆኑን ልብ ቶሎ አይቀበለውም፡፡ ሌሊት መብራት አጥፍቶ መተኛት የከበደኝ ጊዜ ነበር፡፡ ፍርሃቱን ያስለቀቀኝ ግን የልብ ድንዳኔ ሳይሆን ዕውቀት ነው፡፡ እጅ ተራውን የሚያውቀው ሥራ ሲኖረው ልብም ይረጋጋል፡፡ እስከ ዛሬ ያልለመድኩት የሕፃን ጀናዛ ነው፡፡ እሱንም ልልመደው አልፈልግም፤ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዕንባቸውን አፍስሰዋልና፡፡ ለሚጸየፍ ሰውም መልሱ ግልጽ ነው፦ ሙእሚን በሕይወት እያለም ሆነ ሞቶ ነጃሳ እንደማይሆን ከኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) ተዘግቧል፡፡

ሥራው ምንድን ነው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ስትሞት ለኡሙ ዐጢያና አብረዋት ላሉት ሴቶች ያስተማሩት ይህን ነው፦ በውኃና በሲድር ቅጠል ሦስት ወይም አምስት ጊዜ፣ ካስፈለገም ከዚያ በላይ በጎደሎ ቁጥር ማጠብ፤ ከቀኝ ጎንና ከውዱእ አካላት መጀመር፤ በመጨረሻው እጥበት ካፉር መጨመር፡፡ ሲድር እኛ ቁርቁራ የምንለው ዛፍ ነው፤ ካልተገኘ ሳሙና ይተካዋል፡፡ ከእምብርት እስከ ጉልበት ያለው ሁልጊዜ በጨርቅ ይሸፈናል፤ አጣቢው እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ከሥር ያጸዳል፤ ዓይኑን አያሳርፍበትም፡፡ በደጋው ብርድ ውኃውን ለብ ማድረግ ምንም አይደለም፡፡ ከዚያ ወንዱ በሦስት፣ ሴቷ በአምስት ነጭ ጨርቅ ትከፈናለች፤ አቡጀዲ ይበቃል፡፡ ከላስታ ቂብላ ወደ ሰሜን ስለሆነ፣ ጀናዛው በቀኝ ጎኑ ሲጋደም ራሱ ወደ ምሥራቅ፣ ፊቱ ወደ ሰሜን ይሆናል፡፡ እዚህ ውስጥ ጤነኛ ጎልማሳ የማይችለው ምን አለ?

እኛ ሐበሾች ደግሞ በዚህ ሥራ የምንኮራበት ታሪክ አለን፡፡ አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ከባለቤቷ ከጀዕፈር ጋር ወደ ሐበሻ ተሰድዳ ከአሥር ዓመት በላይ ኖራለች፤ የተመለሱትም በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (628) ነው፡፡ የነቢዩ ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ.) የሴት ጀናዛ በጨርቅ ብቻ ተሸፍኖ ቅርጹ መታየቱን ጠልታ ነበር፡፡ አስማእም በሐበሻ ያየችውን ነገረቻት፤ እርጥብ የዘንባባ ዝንጣፊ በቃሬዛው ላይ አጉብጣ ጨርቅ ጣለችበት፤ ፋጢማም ወደደችው፡፡ በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ ስትሞት ዐሊና አስማእ እንዳጠቧት ተዘግቧል፡፡ አስማእ በኋላ ያገባችውን አቡበክርንም (ረ.ዐ.) በ13ኛው ዓመተ ሂጅራ ያጠበችው እሷ እንደሆነች ይነገራል፡፡ ልብ በሉ፤ ለኸሊፋው እንኳ አጣቢ ከሩቅ አልተጠራም፤ የቤቱ ሰው አጠበው፡፡ ነቢዩንም (ሰ.ዐ.ወ.) ያጠቧቸው ዐሊ፣ ዐባስና ሌሎች የቅርብ ሰዎቻቸው ናቸው፡፡

ከሁሉ የሚከብደው ግን ውኃው ወይም ቃሬዛው አይደለም፤ ምላስ ነው፡፡ አጣቢ በሟች ገላ ላይ ዘመድ የማያውቀውን ጠባሳ፣ ሕመምና ጉድለት ያያል፡፡ “ፊቱ ጠቁሮ ነበር” የምትል አንዲት ቃል ከዚያ ክፍል ከወጣች የሟቹን ልጆች ዕድሜ ልካቸውን ትከተላቸዋለች፡፡ ሙስሊምን አጥቦ ነውሩን የደበቀ አላህ አርባ ጊዜ እንደሚምረው የሚያስረዳ ሐዲስ አለ፡፡ እንግዲህ የሟችን ምስጢር ከገዛ ልጁ ይበልጥ ማን ሊጠብቅ ይችላል? ጀናዛውን ለባዕድ ሰው ሰጥተን ስንወጣ ያንን አማና አብረን ሰጥተን መውጣታችንን እንርሳው?

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሦስት ነገር እንድናደርግ አሳስባለሁ፡፡ አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቅሬና ዕድር ቢያንስ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ወጣቶችን ከነባር አጣቢዎች ጎን አቁሞ ያስተምር፤ በተለይ ሴት አጣቢ በጠፋበት አካባቢ ይህ ነገ የሚባል አይደለም፡፡ ሁለተኛ፣ በመስጊድ ደርስ ላይ የጀናዛ ምዕራፍ በቃል ብቻ አይታለፍ፤ ከፈን አቆራረጥና አስተጣጠብ በተግባር ይታይ፡፡ ሦስተኛ፣ አባት ወይም እናት ሲሞቱ ከልጆች አንዱ እንኳ ገብቶ ውኃ ያፍስስ፡፡ ሕፃን ሳለን ያጠቡንን እጆች መልሰን የምናጥብበት ዕድል አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው፡፡

ጀናዛ አጣቢ በመንደሩ ውስጥ ሰው እጁን ለመጨበጥ የሚያመነታበት ሰው ሊሆን አይገባም፡፡ ሁላችንም አንድ ቀን በዚያ ሳንቃ ላይ እንጋደማለን፤ ያን ቀን የሚነካን እጅ የሚያውቅ፣ የሚራራና የሚደብቅ እንዲሆን ከፈለግን ዛሬ እናስተምረው፡፡

አላህ ኻቲማችንን ያሳምርልን፡፡ ወላሁ አዕለም፡፡