ፊደሉ የሚቀየረው የት ነው?

ክረምቱ አልፎ በአትባራ ወንዝ ዳር ውሃ ሲቋጠር ከክፍላችን ወንበሮች ጥቂቶቹ ባዶ ይሆናሉ። ምክንያቱ ወባ ነው። ዘንድሮ በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ «መድኃኒቱ አንዳንዴ ወባን ቶሎ የማያጠፋው ለምንድን ነው?» ብለን ጠየቅን። ጥያቄው ወደ ዲኤንኤ ወሰደን።

ዲኤንኤ ኤ፣ ቲ፣ ሲ እና ጂ በተባሉ አራት ፊደላት የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው ማለት ይቻላል። ጽሑፉ ሲገለበጥም ሆነ በሌላ ምክንያት አንድ ፊደል ሊቀየር ይችላል፤ ይህ ሚውቴሽን ይባላል። ለውጡ በሁሉም ቦታ እኩል አይደርስም። በሰው ዲኤንኤ ከሲ ቀጥሎ ጂ ሲመጣ፣ ሲ ወደ ቲ የመቀየር ዕድሉ ከሌላው ቦታ አሥር እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ብዙ ጊዜ ሜቲል የተባለ ኬሚካል ስለሚለጠፍበት ነው።

መልመጃ፦ «ኤ ሲ ጂ ቲ ቲ ሲ ኤ ሲ ጂ ጂ ቲ ሲ» ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ስንት ነው? መልሱ ሁለት ነው። እኛ በጣት እንቆጥራለን፤ የሰው ዲኤንኤ ግን ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል ስላለው ቆጠራው የኮምፒውተር ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ የብዙ ሰዎችን ዲኤንኤ ያስተያያል፤ የየትኛው ፊደል ጎረቤት ምን ሲሆን ለውጥ እንደሚበዛ ይቆጥራል፤ ከዚያም ላላየው ጽሑፍ ይገምታል። ግምቱ የሚታመነው በቆጠራው ውስጥ ባልገባ ዲኤንኤ ሲፈተን ነው።

ሆኖም አንድ ለውጥ በብዙ ሕመምተኞች ስለታየ ብቻ ቦታው ቶሎ የሚቀየር ነው አይባልም። በወባ ተህዋስ ኬ13 ጂን፣ በ622ኛው ቦታ፣ «ኤጂኤ» ወደ «ኤቲኤ» ሲቀየር ተህዋሱ አርቴሚሲኒንን በከፊል ይቋቋማል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ 609 የወባ ሕመምተኞችን መርምሮ ለውጡን በ8 በመቶው አገኘ። በኤርትራም ከ2016 እስከ 2019 ከ8.6 ወደ 21 በመቶ አድጓል። በኢትዮጵያው ጥናት የተህዋሶቹ ዲኤንኤ በኮምፒውተር ሲነጻጸር፣ ለውጡን የያዙት ከሌሎቹ ይልቅ እርስ በርሳቸው የቅርብ ዘመዳሞች ሆነው ተገኙ። ይህም በየሰዉ አዲስ የተፈጠረ ሳይሆን እየተዋለደ የተዛመተ መሆኑን ያመለክታል።

ሾዋክ ከሁለቱም አገሮች ሩቅ አይደለችም፤ ተህዋሱም ከመንገደኛ ጋር ይጓዛል። ፊደል እንዳይሳሳት መከልከል አንችልም። የተሳሳተው ተርፎ እንዳይባዛ ግን ማገዝ እንችላለን። ብዙዎቻችን ትኩሳቱ ሲበርድ የቀረውን ኪኒን «ለታናሽ ይሁን» ብለን እናስቀምጥ ነበር። ወላጆቻችን ሆይ፣ ከእንግዲህ የታዘዘልንን እስከ መጨረሻው እንድንውጥ አስገድዱን፤ ታናሻችን ሲታመም ደግሞ ይመርመርና የራሱ መድኃኒት ይታዘዝለት።