«አዎ» ወይስ «አይ»? የእንደራሴዎቻችንን ድምፅ እንዴት እንመዝን



ምርጫ ሲቃረብ እዚህ ሳንዲ ስፕሪንግስ የፖስታ ሳጥናችን በወረቀት ይሞላል። አንዱ ድርጅት እንደራሴያችንን «ለሕገ መንግሥቱ ታማኝ» ብሎ ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ሌላው ያንኑ ሰው ይጥለዋል። ነጥብ ሰጪዎቹ ራሳቸው የመረጧቸውን ጥቂት ድምፆች ይቆጥራሉ፤ ለምን እነዚያን እንደመረጡ ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም። የዛሬው ትምህርታችን ድምፁን ራሳችን ስለመመዘን ነው። መለማመጃ የሚሆኑን ሁለት የጆርጂያ ሕጎች ናቸው፤ አንዱ አጎቴ የኖሩበትን ሥራ፣ ሌላው እኔ የምማረውን ሙያ ይነካል። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ ቤቱን እንወቅ

የጆርጂያ ጠቅላላ ጉባኤ 180 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤትና 56 አባላት ያሉት ሴኔት አለው። በጃንዋሪ ሁለተኛ ሰኞ ይከፈትና ለ40 የሥራ ቀናት ይሰበሰባል። አንድ ረቂቅ እንዲያልፍ በተወካዮች ምክር ቤት 91፣ በሴኔት 29 ድምፅ ያስፈልገዋል። ቁጥሩ የሚሰላው በዕለቱ ከተገኙት ሰዎች ሳይሆን ከጠቅላላው መቀመጫ ነው። ስለዚህ ድምፅ ሳይሰጥ ከአዳራሽ የወጣ እንደራሴ ስሙ «አይ» ተብሎ ባይመዘገብም፣ ውጤቱ ላይ የሚያደርገው ነገር እንደ «አይ» ነው። መዝገብ ስታዩ ያልተገኙትንም ተመልከቱ።

2. ውስን መንግሥት ሲባል

የፌዴራሉ መንግሥት የሚሠራው ሕገ መንግሥቱ ዘርዝሮ የሰጠውን ብቻ ነው፤ የቀረው ሥልጣን የክፍለ ግዛቶችና የሕዝቡ እንደሆነ በ1791 የጸደቀው አሥረኛው ማሻሻያ ይናገራል። ክፍለ ግዛት ግን ስለ ጤና፣ ስለ ደኅንነትና ስለ ሥርዓት ሕግ የማውጣት ሰፊ ሥልጣን አለው። ስለዚህ የጆርጂያን እንደራሴ «ይህን ሥልጣን ማን ዘርዝሮ ሰጠህ?» ብለን ብንጠይቀው ጥያቄው አይገጥምም። ተገቢው ጥያቄ «ይህ ሕግ የትኛውን ጉዳት ይከላከላል? የማንንስ ነፃነት ይወስዳል?» የሚለው ነው። ገደቡን የሚያበጁት የ1983ቱ የጆርጂያ ሕገ መንግሥትና የፌዴራሉ አሥራ አራተኛ ማሻሻያ ናቸው።

ወላጆቻችን ከመጡበት አገር ጋር ብናነጻጽር፣ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል የሚገዛው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው መሆኑን ይደነግጋል። ሕግ ሕገ መንግሥቱን ጥሷል ሲባል ግን እዚያ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሆን፣ እዚህ ፍርድ ቤት ነው። ሁለቱም የመለማመጃ ሕጎቻችን ጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሰዋል።

3. የታክሲው ሕግ

የአትላንታ ከተማ የታክሲ ፈቃዶችን ቁጥር በ1,600 ወስና ነበር። ቁጥሩ ስለማይጨምር ፈቃዱ ራሱ በውድ ዋጋ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጥ ነበር። በ2015 ጠቅላላ ጉባኤው ኤችቢ 225 የተባለውን ሕግ አወጣ፤ ኡበርና ሊፍትን የመሳሰሉ አገልግሎቶች የከተማው ፈቃድ ሳያስፈልጋቸው በክፍለ ግዛቱ ሥርዓት እንዲሠሩ ፈቀደ። የፈቃዱ ዋጋ ወደቀ። ባለ ፈቃድ ሹፌሮች «ንብረታችን ያለ ካሳ ተወሰደ» ብለው ከሰሱ። በ2017 ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም፤ ፈቃድ መያዝ ሌላው እንዳይወዳደርህ የማድረግ የንብረት መብት አይሰጥም አለ።

ይህን መጀመሪያ ሳነብ ተናደድኩ። በማኅበረሰባችን ታክሲ ነድቶ ልጆቹን ያስተማረ ሰው ብዙ ነው፤ አጎቴም አንዱ ናቸው። ስጠይቃቸው ግን ያልጠበቅኩትን መለሱልኝ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ፈቃድ ኖሮኝ አያውቅም፤ ተከራይቼ ነው የነዳሁት። አጥሩ ከውጭ ሰው ይከላከልልን ነበር። የአጥሩን ኪራይ በየሳምንቱ የምንከፍለው ግን እኛው ነበርን» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ቤቱን አስይዞ ፈቃድ የገዛው ሰውስ? መንግሥት ያጠረውን አጥር አምኖ ነው የገዛው» አሉኝ። ሁለቱም እውነት ነው።

4. የጡት ማጥባት ሕግ

በዚያው የ2015–2016 የጉባኤ ዘመን፣ በ2016፣ ኤችቢ 649 ወጣ። በክፍያ የጡት ማጥባት ምክር የሚሰጥ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ ያዝዛል። ፈቃዱን ለማግኘት አንድ የተወሰነ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ የኮሌጅ ኮርሶችና ቢያንስ 300 ሰዓት ክትትል ያለበት የተግባር ሥራ ይጠየቃል። ሐኪሞችና ነርሶች ግን ከሕጉ ነፃ ናቸው። ተመሳሳይ ሐሳብ ቀደም ብሎ በ2013 ቀርቦ፣ የሙያ ቁጥጥርን የሚገመግመው የክፍለ ግዛቱ አካል እንዳይጸድቅ መክሮ ነበር።

ሌላ ዓይነት የምስክር ወረቀት ይዘው ለዓመታት የሠሩ አማካሪዎች ከሰሱ። በ2020 ፍርድ ቤቱ የጆርጂያ ሕገ መንግሥት ሕጋዊ ሥራን የመሥራት መብትን እንደሚጠብቅ አረጋገጠ፤ በሜይ 2023 ደግሞ ሕጉን ሻረው። ያለ ፈቃድ የተሰጠ ምክር ሕዝብን እንደጎዳ የሚያሳይ ማስረጃ አልቀረበም ነበር።

እስቲ ከእኔ አንጻር እዩት። ተመርቄ ፈቃዴን ባገኝ፣ በሕጉ መሠረት እኔ አራስ እናት አጠገብ ተቀምጬ እመክራለሁ። ብዙ እናቶችን የረዳችው ሴት ግን ትከለከላለች።

ታዲያ የነርስ ፈቃድስ ይቅር? አይደለም። መድኃኒትን በደም ሥር የሚሰጥ ሰው መጠኑን ቢሳሳት በሽተኛው ሊሞት ይችላል። ጉዳቱ የታወቀ ነው፤ ፈቃዱም በቀጥታ ያንን ለመከላከል ነው። ውስን መንግሥት «ፈቃድ ሁሉ መጥፎ ነው» ማለት አይደለም፤ ከልካዩ ምክንያቱን በማስረጃ ያሳይ ማለት ነው።

5. አራት ጥያቄዎች

አንድ ድምፅ ስትመዝኑ እነዚህን በቅደም ተከተል ጠይቁ።

ሀ) ሕገ መንግሥቱ ይፈቅዳል ወይ? ይዘቱን ብቻ ሳይሆን አወጣጡንም እዩ። ለምሳሌ የጆርጂያ ሕገ መንግሥት አንድ ረቂቅ ከአንድ በላይ ጉዳይ እንዳይዝ፣ ርዕሱ የማይናገረውንም ነገር እንዳይጨምር ይከለክላል።

ለ) የሚከላከለው ጉዳት በእርግጥ አለ? ማስረጃው የት ነው?

ሐ) ጉዳቱን በቀለለ መንገድ መከላከል ይቻል ነበር? ከመከልከል ይልቅ ማሳወቅ ወይም ኢንሹራንስ መጠየቅ ይበቃ ነበር?

መ) ወገኑ ቢቀየር መልሴ ይቀየራል?

እኔን የጣለኝ አራተኛው ነው። በጡት ማጥባቱ ፍርድ ደስ ብሎኝ በታክሲው ተናድጄ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ግን የመጀመሪያው ሕግ አጥር አፍርሷል፣ ሁለተኛው አጥር ሠርቷል። ደስታዬና ንዴቴ የሚለካው በመርሕ ሳይሆን አጥሩ ውስጥ በነበረው ሰው ነበር።

ዛሬ ብመዝን ለኤችቢ 225 «አዎ» ያለውን እንደራሴ በመርሕ ደረጃ ትክክል ነው እላለሁ፤ ለኤችቢ 649 «አዎ» ያለው ግን የለ ጥያቄን አልመለሰም። ነገር ግን ሕገ መንግሥታዊ መሆን ብቻውን ፍትሐዊ አያደርግም። ፍርድ ቤቱ «ካሳ የግድ አይደለም» አለ እንጂ ጉባኤው ፈቃድ የገዙትን ሰዎች የሚያሻግር መንገድ እንዳያበጅ አልከለከለም። ያንን መጠየቅ የእኛ የመራጮች ሥራ ነበር።

6. የቤት ሥራ

የጠቅላላ ጉባኤው ድረ ገጽ የእያንዳንዱን አባል ድምፅ በስም ያስቀምጣል። የ2015–2016ን ዘመን መርጣችሁ ሁለቱን ቁጥሮች ፈልጉ፤ ለሁለቱም «አዎ» ያሉትን ለዩ። አንድ ሰው በአንድ ዘመን አጥር አፍርሶ አጥር ከሠራ፣ ምክንያቱን መጠየቅ ይገባል። ረቂቁ በመንገድ ላይ ስለሚሻሻል ግን የመጨረሻው ድምፅ የተሰጠበትን ጽሑፍ ማንበባችሁን አረጋግጡ።

ከዚያ ወደ ዛሬዎቹ እንደራሴዎቻችሁ ኑ። ሳንዲ ስፕሪንግስ በበርካታ የምርጫ ክልሎች የተከፋፈለች ስለሆነች፣ የጎረቤታችሁ እንደራሴ የእናንተ ላይሆን ይችላል፤ በአድራሻችሁ አጣሩ። አንድ የማትወዱትን እንደራሴ ትክክለኛ ድምፅ፣ አንድ የምትወዱትን ደግሞ የተሳሳተ ድምፅ ፈልጉ። ሁለቱንም ካገኛችሁ ሚዛናችሁ መሥራት ጀምሯል። አንዱን ብቻ ካገኛችሁ ግን ወደ «መ» ተመለሱ።