የዝናብ ድምር የማያሳየው፦ የአየር ሁኔታና ሁለት የበርበሬ ፈንገሳዊ በሽታዎች

የሰብል በሽታን ከአየር ሁኔታ ጋር ለማዛመድ የሚነሣ ተመራማሪ በቀላሉ የሚያገኘው የወር የዝናብ ድምርንና አማካይ የሙቀት መጠንን ነው። በበርበሬ ላይ ግን ይህ መረጃ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። በአንድ ማሳ ላይ የሚከሠቱ ሁለት ፈንገሶች ለዝናብ የሚሰጡት ምላሽ ተቃራኒ ነውና።

የመጀመሪያው በኮሌቶትሪከም ወገን ፈንገሶች የሚመጣው አንትራክኖዝ ነው። ስፖሮቹ በሙጫ መሰል ነገር የተያያዙ ስለሆኑ ደረቅ ነፋስ አያነሣቸውም፤ የዝናብ ጠብታ ሲመታቸው ግን ከፍሬ ወደ ፍሬ ይረጫሉ። ለመብቀልም በፍሬው ገጽ ላይ ለሰዓታት የሚቆይ እርጥበት ይሻሉ፤ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነ ሙቀትም ይስማማቸዋል። እንደ ማረቆና ሀላባ ባሉ አካባቢዎች ፍሬው ተክሉ ላይ እንዳለ እንዲቀላ ስለሚተው፣ በዚህ ወቅት ሳይታሰብ የሚጥል ዝናብ በመጠን አነስተኛ ቢሆንም ጉዳቱ ከባድ ሊሆን ይችላል።

ሌቬይሉላ ታውሪካ የሚያስከትለው ዱቄታማ ሻጋታ ጠባዩ ሌላ ነው። ስፖሮቹ በነፋስ ይጓዛሉ፤ ለመብቀል በቅጠል ላይ የቆመ ውሃ አያስፈልጋቸውም፤ ከባድ ዝናብ እንዲያውም ያጥባቸዋል። ስለዚህ በሽታው ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ ቀኑ ደረቅና ሞቃት ሌሊቱ ግን እርጥበታማ ሲሆን ሊበረታ ይችላል። ከአብዛኞቹ ዱቄታማ ሻጋታዎች በተለየ ይህ ፈንገስ በቅጠሉ ውስጥ ያድጋል። ነጩ ዱቄት በቅጠሉ ሥር እስኪታይ ድረስም እስከ 21 ቀን ሊወስድ ይችላል። በመሆኑም ምልክቱ የታየበትን ሳምንት የአየር ሁኔታ ከበሽታው ጋር ማነጻጸር፣ በእኔ ግምት፣ ከንቱ ድካም ነው፤ መመርመር ያለበት ከዚያ በፊት የነበሩት ሁለትና ሦስት ሳምንታት ናቸው። አንትራክኖዝም በአረንጓዴ ፍሬ ውስጥ ተደብቆ ፍሬው ሲበስል ሊገለጥ ስለሚችል ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ልዩነቱ በገበሬው ኪስ ላይ ያርፋል። ሰልፈር ለዱቄታማው ሻጋታ መከላከያ ሲሆን ለአንትራክኖዝ ግን አያስተማምንም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍም ቅጠል ሊያቃጥል ይችላል። ነጩ ዱቄት ጎልቶ ከታየ በኋላ የሚረጭ ሰልፈር ቀድሞ ወደ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ፈንገስ አይደርስበትም።

ስለዚህ በማሳ ደረጃ ከዝናብ መለኪያው ጎን ቅጠልና ፍሬ ረጥበው የሚቆዩበት የሰዓት ብዛትና የሌሊቱ አንጻራዊ እርጥበት በየዕለቱ ቢመዘገቡ፣ ለሁለቱ በሽታዎች የተለያዩ የትንበያ ቀመሮችን ማዘጋጀት ይቻላል።