ዘግይቶ የሚቀይር አውቶማቲክ ካምቢዮ

ጥያቄ፦ በፈረንጆቹ 1994 የተሠራች አውቶማቲክ የናፍጣ ላንድክሩዘር አለችኝ። በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ነዳጅ ጠፍቶ ለረጅም ጊዜ ቆማ ነበር። አሁን ዳገት ላይ ማርሽ የምትቀይረው ዘግይታ ነው፤ ስትቀይርም ትመታለች። መካኒኩ «ካምቢዮው ይውረድ» ይላል። ላስወርደው?
አንባቢ፣ ከቁሓ

መልስ፦ ለማስወረድ አይቸኩሉ። ያለቀ ካምቢዮ አብዛኛውን ጊዜ ይንሸራተታል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። የእርስዎ ዘግይቶ በኃይል ይይዛል፤ ይህ ይበልጥ የሚጠቁመው የዘይት ግፊት መብዛትን ነው። በዚህ ሥሪት ግፊቱን የሚያዝዘው ከነዳጅ መስጫው ጋር የተያያዘ ካቦ ነው፤ ከልኩ በላይ ከተወጠረ ካምቢዮው ሁልጊዜ ፔዳሉን አጥብቀው የረገጡ ይመስለዋል። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ በካቦው ማቆሚያና በሽፋኑ ጫፍ መካከል ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ብቻ ይፈቀዳል። «ቁሓ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው» የሚልዎ አይጠፋም። እውነት አለው፤ ኃይል ያነሰው ሞተር ፔዳል ያስረግጣል፣ ማርሹም ይዘገያል። የቆመ መኪና የናፍጣ ፊልትሮ ሲደፈንም እንዲሁ ነው። መምታቱን ግን ይህ ብቻውን ላያስረዳ ይችላል። ዘይቱን ሞተሩ ሞቆ፣ በሚኒሞ እየሠራ፣ ማርሹ «ፒ» ላይ ሆኖ ይለኩት። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ፍሪሲዮኖቹ ተጎድተዋል፤ ያኔ መካኒክዎ ልክ ነው። ካልሆነ ግን ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት የአውቶማቲክ ባለሙያ ግፊቱን በመለኪያ ይፈትሽልዎ።